ይዞ መቆም

ለተከበርሽው የልጄ ልጅ፣ ለፌንጣዬ፤

በቤታችን የተፈጸመውን ታላቅ ጉዳይ ከማንም ቀድመሽ ትሰሚ ዘንድ ይህን መግለጫ ሳወጣ ከፍ ያለ ኩራት ይሰማኛል። ለብዙ ጊዜ አልከፈት ብሎ የቤተሰቡን ሰላም ሲያናጋ የኖረው የወጥ ቤቱ መሳቢያ፣ ያ ከምድጃው አጠገብ ያለው፣ ሁላችንም በየተራ የሰደብነው፣ ዛሬ ከቁርስ በኋላ ተከፍቷል። የሞተ ሰው የለም። የተጎዳ ግን አለ፤ ዝቅ ብዬ አወራሻለሁ።

መግለጫው አበቃ፤ አሁን እንደ ሰው ልጠይቅሽ። እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽስ? እንቅልፍሽስ? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት እንደ አሮጌ መኪና ተገፍተሽ ነው የምትነሺው? ክፍልሽ ይሞቃል? አብራሽ የምትኖረው፣ ያቺ በእንቅልፏ የምትስቀው ልጅ ደህና ናት? እኔ ከወገቤ በላይ ደህና ነኝ፤ ከወገቤ በታች ገና ድርድር ላይ ነን። ሌላውም ሁሉ ደህና ነው ብዬ እንዳልዋሽሽ ልማዴን ታውቂዋለሽ፤ ውሸቴን ለትልቅ ጉዳይ ነው የምቆጥበው።

ስለ ትምህርትሽ የምትጽፊልኝን ሁሉ አነባለሁ። ጉልበት ማለት መግፋትና መሳብ ነው ብለሻል። እኛ ቤት ደግሞ ጉልበት ማለት ደረጃ ስወጣ ጎረቤት እስኪሰማ የሚንቋቋው ነገር ነው። የቆመ ነገር ከውጭ የሚገፋው እስኪያገኝ እንደቆመ ይኖራል ያልሽውን ለእናትሽ ባነብላት፣ «ይኼማ ስለ እርስዎ የተጻፈ ነው፤ ከወንበርዎ የሚያስነሳዎት ጠፍቶ እኮ ነው» አለችኝ። የሚሄድ ነገር ደግሞ የሚያቆመው ካላገኘ መሄዱን ይቀጥላል ያልሽውን በራሴ ሥጋ አረጋግጬዋለሁ። ሐኪም ቤት ስሄድ አውቶቡሱ ድንገት ፍሬን ያዘ። እግሬ አውቶቡሱን ሰምቶ ቆመ፤ የቀረው አካሌ ወሬው ሳይደርሰው ሄደና አንዲት የተከበሩ ሴትዮ ጭን ላይ አረፈ። «አባባ፣ በዚህ ዕድሜ?» አሉኝ። ፊዚክስ ነው አልኳቸው። በጃንጥላቸው መቱኝ። በትምህርትሽ መሠረት ጭንቅላቴም ጃንጥላውን በእኩል ጉልበት መልሶ መትቶታል፤ ያጽናናል፤ ያበጠው ግን ጃንጥላው አይደለም።

የመሳቢያው ነገር እንዲህ ሆነ። እናትሽ ዛሬ ወይ እኔ ወይ እሱ ብላ ተነሳች። አንድ እግሯን ከግድግዳው አስደግፋ፣ እጀታውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ሳበች። ምንም። አንገቷ እስኪቀላ ሳበች። ምንም። አንድን ነገር መጀመሪያ ማነቃነቁ ይከብዳል እንጂ ከተነሳ በኋላ ማስኬዱ ይቀላል፣ ሁለት ነገሮች ሲተሻሹ የሚይዛቸው ፍትጊያ ጠባዩ እንዲህ ነው ያልሽውን ከወንበሬ ሆኜ ላስረዳት ብጀምር፣ በእኔ ንዴት መሳቢያውን መዠረጠችው። መጣ። በአንዴ መጣ። መሳቢያው፣ ማንኪያው፣ እናትሽ፣ ሁሉም ወደ ኋላ። ያረፈችበትን የአካል ክፍል ስም አልጽፍም፤ ወለሉም በእኩል ጉልበት መልሶ እንደገፋት ግን ጮክ ብዬ አስታወስኳት። ከዚያ ወዲህ ሻዬ ስኳር የለውም።

አባትሽ ጠረጴዛው አጠገብ ነበር። አልሳቀም። እናትሽን ለማንሳትም አልተነሳም። እጆቹን በብብቱ ሥር ከትቶ ወለሉ ላይ የተበተኑትን ማንኪያዎች ያይ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያው ልምጣ። በምትልኪው ደብዳቤ ሁሉ የምትጠይቂኝ አንድ ነገር ነው፤ አባዬ ለምን አይመልስልኝም፣ አፉን የዘጋው የእኔ ደብዳቤ ነው ወይ? እናትሽ ነው ብላሻለች አሉ። እናትሽ ሲጨንቃት አጠገቧ ያገኘችውን ጥፋተኛ ታደርጋለች፤ በቀደም ለዘነበው ዝናብ እኔን ተቆጥታኛለች። የጻፈችልሽም ግማሹን ነው፤ ግማሹን እንባ አጥፍቶታል። ስለዚህ የምታውቂውንም ቢሆን ከሥሩ ልንገርሽ።

አባትሽ በዚያ መስታወት ቤት ሥራው ያዥነት ነው። ሙሉ መስታወቶቹ ግድግዳው ላይ እንደ መጻሕፍት ተደጋግፈው ይቆማሉ። ቆራጩ ከመካከል አንዱን ሲፈልግ፣ አባትሽ የፊተኞቹን ወደ ራሱ አዘንብሎ በደረቱና በሁለት መዳፉ ይይዛቸዋል። ቆራጩ ከኋላ መርጦ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ለክቶ እስኪያወጣ ድረስ አይነቃነቅም። መስታወት ቀላል ይመስላል፤ ማዶው ስለሚታይ ነው። ክብደቱ ግን አይታይም። ቆራጩን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ሥራው መቁረጥ ነው እንጂ ሰውየው ቆራጥ አይደለም። አንዱን መርጦ እስኪያወጣ ያዥ ጢም ያበቅላል። አባትሽ ጎረምሳ ሆኖ ገብቶ መስታወት እንዳቀፈ ሸበተ። እናትሽ እንኳ ያን ያህል አልታቀፈችም፤ ይህን የምትለው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።

አንቺም እንደ ደግ ልጅ ጻፍሽለት። አባዬ፣ በፊዚክስ ቋንቋ ሥራ የሚባለው ጉልበት አንድን ነገር ከቦታው ሲያንቀሳቅስ ነው፤ ነገሩ ካልተንቀሳቀሰ የቱንም ያህል ብትደክም ሥራ አልሠራህም ይባላል፤ አንተ ቀኑን ሙሉ መስታወት ይዘህ ስትቆም በፊዚክስ ቋንቋ ምንም አልሠራህም፣ አይገርምህም? አልሽው። ገረመው። ሳቀ፣ ፌንጣዬ፤ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሲስቅ በዓይኔ አይቻለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ካለው ሁሉ ይህን በተለይ እመኚኝ። ከዚያ ደብዳቤሽን አጥፎ የደረት ኪሱ ከተተና፣ ልጄ የምትማረውን ይስሙልኝ ብሎ መስታወት ቤት ይዞት ሄደ።

ለምሳ ተሰብስበው ሳለ አነበበላቸው። ሲያነብ ድምፁን እንደ ዜና አንባቢ ማድረጉ ነው ጣጣው። የመስታወት ቤቱ ጌታ ከቢሮው ሆኖ ሰማው። ሠራተኞቹ ነጭ ጫማ ነው የሚሉት፤ ስብርባሪ በሞላበት ግቢ ነጭ ጫማ አድርጎ የሚዞር፣ ሲያናግሩት ጫማውን እንጂ ሰው የማያይ ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። በፊዚክስ ቋንቋ የምትለዋን ዘሎ የቀረውን ያዘ። ቤታችንን ያናጋችው ያቺ አንዲት ቃል ናት፤ ሥራ። በአንቺ ትምህርት ሌላ ነገር ናት፣ በነጭ ጫማ አፍ ሌላ። «የገዛ ልጅህ እኮ መሰከረችብህ» አለው። «የተማሩት ምንም አልሠራህም ካሉህ፣ እኔ ያልተማርኩት ማን ነኝና ሠርተሃል የምልህ?» ብሎ ሳቀ። ጌታ ሲስቅ እንደሚሆነው ሁሉም ሳቁ። ቆራጩም ሳቀ፤ ልሳቅ አልሳቅ ሲል ቆይቶ ሌሎቹ ሲጨርሱ።

በማግስቱ አናጢ አስጠርቶ ባለ ሁለት እግር የእንጨት መደገፊያ አሠራ፤ መስታወቶቹ ወደ ፊት ሲያዘነብሉ የሚያርፉበት። አባትሽን አሰናበተው። ከደብዳቤሽ ያችን ገጽ አስቀርቶም ከመስታወቶቹ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፋት፤ ምንም አልሠራህም ከሚለው ሥር በቀይ አስምሮ። የሚገባ የሚወጣው ደንበኛ ሁሉ የእጅ ጽሑፍሽን እያነበበ ሲስቅ ሰነበተ።

አባትሽ ይህን ሁሉ ቻለው። እናትሽ በአንቺ ስትነድድ፣ «ልጅቷ የጻፈችው ልክ ነው፤ ማንበብ ያቃተው እሱ ነው» አላት። መልስ ሊጽፍልሽ ወረቀት ሁሉ አውጥቶ ነበር። እኔም ልተወው አልቻልኩም፤ አንተ ሥራ የሌለው፣ እስቲ ተነስና መስኮቱን ክፈት፣ እሱ ይንቀሳቀሳል፣ ይቆጠርልሃል እለው ነበር። እሱም ይነሳና ይከፍትና፣ «በል መዝግብልኝ» ይለኝ ነበር። አየሽ? ያኔ ገና ይመልስ ነበር። ያቃጠለው ግድግዳው ላይ ያለችው ወረቀት ናት። የልጄ ጽሑፍ የሰው መሳቂያ አይሆንም ብሎ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሊያመጣት ሄደ።

ያን ቀን ነጭ ጫማ ትልቅ ደንበኛ ይመጣል ብሎ ወለሉን በሳሙና አሳጥቦት ነበር። ይህን አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ፤ የእንጨቱን እግር ከወለሉ ጋር የያዘው ፍትጊያ ብቻ ነበር፤ ፍትጊያውን በባልዲ አጠቡት። ቆራጩ የፊተኞቹን መስታወቶች መደገፊያው ላይ እንዳዘነበሉ ትቶ፣ የቱን እንደሚያወጣ እስኪወስን እጁን ሊታጠብ ጓሮ ዞሯል። አባትሽ ከበሩ ላይ እንደቆመ ወረቀቷን ስጠኝ አለ። ነጭ ጫማ ግን መጀመሪያ ሊያሳየው ፈለገ። መደገፊያው ፊት ቆመና፣ «እየው፤ አይበላም፣ አያስልም፣ ልጁ ደብዳቤ አትጽፍለትም» አለው። ጥንካሬውንም ሊያሳየው በዚያ በነጭ ጫማው የእንጨቱን እግር መታ መታ አደረገ።

እንጨቱ ተንሸራተተ። የቀረውን ስበት ጨረሰው። መሄድ የጀመረ ነገር የሚያቆመው እስኪያገኝ ይሄዳል ብለሻል፤ ለማቆም ተቀጥሮ የኖረው ሰው ደግሞ ተሰናብቶ በር ላይ ነው ያለው፤ ከዚያ ማን ይደርሳል? መስታወቶቹ ተያይዘው ነጭ ጫማ እግር ላይ ወረዱ። ቆራጩ ድምፁን ሰምቶ ሮጦ ገባ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያመነታ።

ሐኪሞቹ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። እንግዲህ ጫማ በጥንድ መግዛት ብክነት ነው፣ ተጋርቶ የሚገዛው ይፈልግ ብዬ ለእናትሽ ብነግራት፣ «ኧረ አያፍሩም?» ብላ ጮኸችብኝና ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እያለቀሰች አልነበረም። እኛ ቤት ደግ ሰው የለም፣ ፌንጣዬ፤ አንቺም ደግ የሆንሽው ስለራቅሽ ነው። በዚያ እግር ላይ ያወጣሁትን ቀልድ ሁሉ ብጽፍልሽ ፖስታው አይበቃም። አባትሽ ግን በአንዱም አልሳቀም። ስጀምር ተነስቶ ወደ መስኮቱ ይሄዳል።

ነጭ ጫማ ከአልጋው ሆኖ ቆራጩን ላከብን። ይመለስ፣ ያዥ ያስፈልጋል፣ እሱ እዚያ ቢኖር ይህ ባልደረሰብኝ ብሏል አለን። ወረቀትሽንም መልሶ ልኳል፤ ጥጓ ብቻ ተቀድዳለች። እናትሽ ደስ ብሏት ለቆራጩ ምሳ አቀረበችለት፤ ወንበር እስኪመርጥ ምግቡ ቀዘቀዘ። አባትሽ ግን «እሱ እዚያ ቢኖር» የምትለዋን ሲሰማ አቀርቅሮ ቀረ። አልሄድም አለ። ለምን ሲሉት ዝም። ይኸው ዝም እንዳለ አለ፤ እጆቹን በብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ለምግብ ብቻ እያወጣቸው። እናትሽ የሰው ልብስ መተኮስ ጀምራለች፤ በእንፋሎቱ ውስጥ ሆና ኩራት ነው ትላለች። ቆራጩ ቂም ነው ይላል፣ ወይም ፍርሃት፣ ወይም ሁለቱም። አንቺ ደብዳቤዬ ነው ትያለሽ።

ደብዳቤሽ አይደለም። ይህን አያትሽ ያለ ቀልድ ይነግርሻል። ደብዳቤሽ ሲመጣ ከሁላችን ቀድሞ የሚያነሳው እሱ ነው። ያነባል፤ ይቅር በለኝ አባዬ የምትይው ጋ ሲደርስ ያጥፈዋል። ይቅርታ በጠየቅሽው ቁጥር አንገቱ ወደ ትከሻው ይገባል። ስለዚህ ተይው። ሌላ ነገር ጠይቂው። መስታወት ደረት ላይ ሲያርፍ ይቀዘቅዛል ወይ በይው። ሲያሳክክህ በምን ታከው ነበር በይው። መኪና ውስጥ ተቀምጦ መሪውንና ወንበሩን ቢገፉ መኪናው አይሄድም፣ ገፊው ከውጭ መሆን አለበት ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እናትሽም እኔም መኪናው ውስጥ ነን። ውጭ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ። መጀመሪያ ላይ አይነቃነቅልሽም፤ መሳቢያውን አስቢ። ሲመጣ ግን በአንዴ ነው የሚመጣው፤ ጀርባሽን ጠብቂ።

እናትሽ ሳም ያድርጉልኝ ብላለች፤ ራሷ ያልጻፈችው ለጊዜው መቀመጥ ስለማትወድ ነው፣ ምሳም ቆማ ነው የበላችው። ቆራጩ ሰላም በልልኝ አለ፣ ከዚያ ረስታኝ ይሆናል ተወው አለ፣ ከደረጃው ተመልሶ ደግሞ በልልኝ አለ፤ ብያለሁ። መሳቢያው ክፍት አፉን ሰላም ይልሻል፤ አሁን ደግሞ አልዘጋ ብሏል። አባትሽ ምንም አላለም። ይህን ስጽፍ ግን ብዕሬ አለቀብኝና የራሱን አቀበለኝ፤ ለማን እንደምጽፍ እያወቀ። ያቺን በእንቅልፏ የምትስቀውንም ልጅ ሰላም በይልኝ፤ እኛ ቤት ሰው የሚስቀው ነቅቶ ነው፣ ለዚህ ነው መልካችን የከፋው በያት።

አያትሽ፤
ከወጥ ቤቱ ጥግ፣ ከዚያው ከማያስነሱኝ ወንበሬ፣
ጥር ፲፰ ቀን።

አሽጌው ሳበቃ መልሼ ከፈትኩት። ውሸት የሌለበት ደብዳቤ ልኬልሽ አላውቅም፤ የዚህኛውን ልናዘዝ። ሴትዮዋና ጃንጥላቸው እውነት ናቸው፤ እብጠቱ ምስክሬ ነው። የመሳቢያው ነገር እውነት ነው። የእግሩም እውነት ነው። ውሸቱ በሩ ነው። አባትሽ በር ላይ አልነበረም። በቀደም እናትሽ የተኮሰችውን ልታደርስ ስትወጣ፣ ሁለታችን ብቻ ሳለን ነገረኝ። እንጨቱ ሲንሸራተት ድምፁን አውቆታል። ያን ድምፅ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው ነው የኖረው። ምን አደረግህ አልኩት። «ምንም አልሠራሁም» አለኝ። ከላይሽ አንድ ሸክም አንስቼ ሌላ ጫንኩብሽ፣ ፌንጣዬ፤ እንግዲህ መያዙ የአንቺ ተራ ነው። እንጨቱ ምን ያህል ይርቅህ ነበር ብዬም ጠየቅኩት፤ እኔ ሰው አይደለሁም። ከወንበሩ ሳይነሳ እጁን ከብብቱ አወጣና፣ ክንዱን ዘርግቶ የሸሚዜን ቁልፍ ነካ።